ባሕሩ ሲመለስ የሚጠራ ስም

ጊንሞሬ፣ በጨረቃ አሥረኛው ወር፣ ባሕሩ ርቆ በሚሸሽበት ሳምንት፣ 1974

ለዮኖክ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ዮኖክስ? የፊት ጥርሷ በቀለ? እኔ ሰማይ ይመስገን አለሁ። ስለ ዓይኔ ደጋግመሽ ትጠይቂኛለሽ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ እንጂ ሰው ለሰው አልሳሳትም። ይኸው ደብዳቤውንም የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሌ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የሚሄደው ከዓይኔ አይደለም፤ ድሮም እንዲሁ ነበር።

ቀዩ የውስጥ ልብስ ደርሶኛል። የመጀመሪያ ደመወዝ ሲገኝ ቀይ ልብስ የሚገዛው ለወለደች እናት ነው፣ እኔ የባል እናት ነኝ ብዬ አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁት። የቾ ሚስት «ለመቃብርሽ ነው የምታስቀምጪው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ አንቺን ለማስቀናት ነው፣ ነገ እለብሰዋለሁ» አልኳት። ለበስኩትም። ይሞቃል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ማንቦክ ባሕር ከቀረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ የጭጋግ ቀን ዛጎል ለቀማ የወጣው ሁሉ የመንደሩን ደወል ድምፅ ተከትሎ ሲመለስ የእኔ ልጅ ብቻ ቀረ። አንቺው አብረሽኝ ዳር ላይ ቆመሽ ስለነበር ልነግርሽ አይገባም፤ ግን ስጽፈው ይቀለኛል። አሸዋችን ዝርግ ነው፣ ጭጋግ ሲወርድ የቱ ወደ ቤት የቱ ወደ ውሃ እንደሆነ ለእግር አይነግረውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛው ግን ሳያስቀው ነው የወሰደው።

ነፍስ ጠሪዋን ሴትዮ አስመጥቼ አማከርኳት። በሁለተኛው ወር፣ ባሕሩ ከዓመቱ ሁሉ ርቆ በሚሸሽበት ቀን እናወጣዋለን ብላለች። አንቺ የተራራ አገር ልጅ ስለሆንሽ ይህን ሥርዓት አላየሽው ይሆናል። ክዳን ያለው የነሐስ ሳህን ሩዝ ይሞላና በረጅም ነጭ አቡጀዴ ታስሮ እስከ ሦስት ጊዜ ወደ ውሃው ይወረወራል። የሚወረወረው ባሕሩ ፊቱን ወደ እኛ ሲመልስ ነው፤ ሲሸሽማ ይዞት ይሄዳል። ሚስት ጨርቁን ይዛ ስሙን ትጠራለች። ሳህኑ ተጎትቶ ሲከፈት ሩዙ ውስጥ የጸጉር ዘለላ ከተገኘ ሰውየው መጥቷል ማለት ነው። ያን ጸጉር ወስደን እንቀብራለን።

እኔ ልጥራው ብላት ሳቀችብኝ። «እናቱ ስትጠራው የማይደበቅ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ማንቦክን ስጠራው ሁልጊዜ ለሥራ ነበር።

ስለዚህ መምጣትሽ የግድ ነው። ልጄን ከውሃ አውጥቼ ልቅበረው፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም። ጨው የገባው ሽሪምፕ በማሰሮ ልኬልሻለሁ። ክዳኑን በደንብ ካላሰሩት ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል።

አማትሽ ማክርዬ


ኢንቾን፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1974

ለተከበሩ እናቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ያዘገየሁት ንቄ ሳይሆን ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ። ሽሪምፑ ደርሷል፤ ክዳኑም ታስሮ ነበር፤ ፋብሪካው ግን አውቋል። ማታ ማታ ክፍል የምጋራቸው ልጆች ሩዛቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይሰለፋሉ።

ዮኖክ ጥርሷ በቅሏል። ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ስሟን ትጽፋለች። ለዓይንዎ የሚሆን ጠብታ በዚህ እሽግ ውስጥ አለ፤ ጠዋትና ማታ ነው፣ እባክዎ ለጎረቤት አያካፍሉ።

ስለጠየቁኝ ነገር እንዲህ ነው። በሁለተኛው ወር ፋብሪካው ሥራ ይበዛበታል፣ ፈቃድ አይሰጡም። ዮኖክንም ከትምህርቷ ማስቀረት ይከብዳል፣ ብርዱም አለ። ምናልባት በበጋ ቢሆን። ወይም እኔ እንደመጣሁ ተቆጥሮ ልብሴን ልኬ ሌላ ሰው ይዞት ቢጠራ ነፍስ ጠሪዋ ትፈቅድ ይሆን? የማንቦክ አጎት ዶክጉ ሥርዓቱ ላይ ይገኛሉ?

አሸዋውን አልረሳሁትም። እዚህ ወደቡ ላይ ባሕር አለ፣ ግን ከግንብ ሥር ነው የሚጀምረው፤ ሰው አይሄድበትም። የእኛው ሲሸሽ እስከ ሰማይ ጥግ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። በሙሽርነቴ ሰሞን ማንቦክ ጫማዬን አስወልቆ ይወስደኝ ነበርና እግሬ አሁንም ያስታውሰዋል። ከዚያ የጭጋግ ቀን ወዲህ ግን አልረገጥኩትም። መርገጥ እንደምችልም አላውቅም።

እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አጎት ዶክጉ ይገኙ እንደሆነ ግን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኡልሱን


ጊንሞሬ፣ በጨረቃ አሥራ ሁለተኛው ወር፣ ባሕሩ በሰነፈበት ቀን

ለዮኖክ እናት፣

ጠብታው ያቃጥላል፤ ስለዚህ ይሠራል ማለት ነው። ለቾ ሚስት ትንሽ ሰጠኋት። አትቆጪ፣ እሷም ታይ።

ልብስሽን ልትልኪ? ማንቦክ ያገባው ቀሚስ ነው እንዴ? ተይ እንጂ።

ፋብሪካው ፈቃድ አይሰጥም አልሽኝ። የመንደራችን ሹም ልጅ ቹንሲም አጠገብሽ ተቀምጣ ነው የምትሰፋው። ለእናቷ ልደት መጥታ ሰንብታ ሄደች። ፈቃድ ሰጥተዋት ነው የመጣችው ወይስ በመስኮት ዘላ?

ስለ አጎትዬው ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ አንዴ መሃል ላይ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አዎ፣ ይገኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ታላቅ እሱ ነው፣ እሱ በሌለበት አይሆንም።

ቹንሲም ሌላም ነገር አወራችኝ፤ ስለ ስፌት መኪና ጠጋኙ። ፒዮ ነው አይደል ስሙ? ሚስቱ የሞተችበት ነው አለች። ዮኖክን ትከሻው ላይ አድርጎ መርከብ ሊያሳያት ወደቡ ድረስ ወሰዳት አለች። አጭር ነው ወይ ብላት ሳቀች፤ ስለዚህ አጭር ነው። በዚህ ነገር ላይ አሁን ምንም አልጽፍም። ስትመጪ እናወራበታለን።

ዮኖክን ይዘሽ ነይ። ልጅቱን ሳትይዢ እንዳትመጪ።

ማክርዬ


ኢንቾን፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1975

ለተከበሩ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ እርስዎን ሳልፈራ ነው የምጽፈው። ከእርስዎ የበለጠ የምፈራው ነገር ስላገኘሁ ነው።

አጎት ዶክጉ በመከር ወደዚህ መጥተው ነበር። አልጻፍኩልዎትም። ፋብሪካው በር ላይ ቆመው ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ ጠበቁኝ። ሻይ እንጠጣ ብላቸው እንቢ አሉ። «አንቺ ከፈለግሽበት ሂጂ፣ ልጅቱ ግን የወንድሜ ልጅ ልጅ ናት፣ በሰው ቤት አታድግም» አሉኝ። የማንቦክ ነፍስ ገና ውሃ ውስጥ ስለሆነ እኔም ገና ሚስቱ ነኝ፣ ጓዜን ጠቅልዬ መመለስ ይገባኛል አሉ። ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው፣ ጠይቄአለሁ። ልጅ የአባቷ ቤት ናት።

ከዚያ እርስዎ «ልጅቱን ሳትይዢ እንዳትመጪ» ብለው ጻፉልኝ። የላኳቸው እርስዎ ነዎት? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

ባለቤቴ ሞቷል? ከሞተ ልቀቁኝ። ካልሞተ የት አለ? መዝገብ ላይ «የጠፋ» ነው የተጻፈው። ስለዚህ እኔ ባል የለኝም፣ ባል የሞተብኝም አይደለሁም። ጸጉሬ ላይ የሐዘን ነጭ ክር አስሬ ነበር፤ መቼ ፍቺው እንደሚባል የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ አንድ ቀን ራሴ ፈታሁትና ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ።

ማንቦክን እወደው ነበር። ይህን ለእናቱ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እወደው ነበር። ፒዮን እንደዚያ ነው የምወደው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። እሱ አጠገቤ ሲቀመጥ በር በር አላይም። ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ለእኔ ብዙ ነው። አጭር ነው፣ አዎ።

ዮኖክን ግን አልሰጥም። ለእርስዎም፣ ለአጎትም፣ ለባሕሩም አልሰጥም። አሸዋው ላይ ይዣት ስቆም አንድ ሰው እጇን ይዞ ቢሄድ ማን ይመልስልኛል? ለዚህ ነው የማልመጣው። ፋብሪካው ፈቃድ ይሰጣል። ዋሽቼዎታለሁ።

ኡልሱን


ጊንሞሬ፣ በጨረቃ አንደኛው ወር፣ አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ

አልላክሁትም። ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። በማግስቱ አጎትዬው ለአያቶች ገበታ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተቀምጠው ነበር። ሰገድን፣ አቀረብን፣ በላን። የሩዝ ጠላው ሲዞር ቆይቶ ጉንጩ ቀላ፤ ያኔ አነሳሁት። «ኢንቾን ምን ልታደርግ ሄደህ ነበር?» አልኩት።

«የወንድሜን ዘር ልጠብቅ ነዋ!» አለ።

«ዘሩ ሽንት ጨርቅ ታጥቆ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን መጥተህ አላየኸውም» አልኩት። የቾ ባል ሳቀ። አጎትዬው ተናደደና ገበታውን መታ። «ማንቦክ ራሱ ከባሕር ወጥቶ ልቀቋት እስኪል ድረስ ሴትየዋም ልጅቱም የዚህ ቤት ናቸው! እሱ ከወጣማ የልጅቱን ጓዝ እኔው ተሸክሜ አውቶቡሱ ድረስ አደርሳለሁ!» አለ። ሦስት ዓመት ያልሰጠ ባሕር አሁን አይሰጥም ብሎ ነው እንዲህ የደፈረው።

እኔም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ «ሰማችሁ?» አልኳቸው። «ሰምተናል» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። መልሶ ሊውጠው ሞከረ፣ በአያቶች ገበታ ፊት የተባለ ነገር ግን አይዋጥም።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። የሩዙ ሳህን ጸጉር ይዞ ከወጣ በአቡጀዴው ላይ የተቋጠሩት ቋጠሮዎች በሁሉም ፊት ይፈታሉ፤ አንቺም ትፈቺያለሽ፣ ዮኖክም ከአንቺ ጋር ትሄዳለች። ሳህኑ ባዶውን ከወጣ አልዋሽሽም፣ እኔ አሮጊት ነኝ፣ እሱን የማስቆምበት አቅም የለኝም። ዮኖክን ይዘሽ ነይ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ቋጠሮው ሲፈታ ልጅቱ እዚያው ካልቆመች ነገ ሌላ ነገር ያመጣል።

ልጄን ከውሃ ማውጣት እፈልጋለሁ። አንቺ ልጅሽን ከእኛ ቤት ማውጣት ትፈልጊያለሽ። የምንጠራው ግን አንድ ስም ነው። እዚያ ድረስ የዮኖክን እጅ እኔ እይዛለሁ፤ ከእኔ እጅ የሚነጥቃት ሰው ካለ ጥርስ ባይኖረኝም እነክሰዋለሁ።

ዓመቱ የሰላም ይሁንልሽ። ዮኖክ አንድ ዓመት ጨመረች፣ ሳሚልኝ። ለዚያ አጭር ሰውም ጤና ይስጥልኝ በይው።

ማክርዬ


ኢንቾን፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1975

ለተከበሩ እናቴ፣

እመጣለሁ። ዮኖክንም ይዣት እመጣለሁ።

እስከዚያ ድረስ ስሙን የምጠራበትን ጉሮሮዬን እጠብቃለሁ፤ የማር ውሃ እጠጣለሁ። ፒዮ ልሸኛችሁ ቢል እንቢ አልኩት። እዚያ አሸዋ ላይ ከማንቦክ ሌላ ወንድ ይዤ መቆም አልችልም። እሱም ገባው፣ ካልሲ ገዝቶ ለሁለታችንም ሰጠን።

ካልወጣስ ብዬ አልጠይቅዎትም። እርስዎም አይጻፉልኝ።

ኡልሱን


ኢንቾን፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1975

ለተከበሩ እናቴ፣

በሰላም ገብተናል። እንደደረስኩ መጻፍ ነበረብኝ፤ ብዕሩን እያነሳሁ መልሼ ሳስቀምጠው ቆየሁ። ድምፄ አሁን ተመልሷል። ከደረስን በኋላ ለሰው «እህ» ከማለት በቀር የምናገርበት አልነበረኝም፤ ፋብሪካው ውስጥ ጉንፋን ነው ብያለሁ።

አጎት ዶክጉ ቃላቸውን ጠብቀዋል። የዮኖክን ጓዝ ተሸክመው ከመንደር እስከ አውቶቡሱ ድረስ «ምን አጭቃችሁበት ነው፣ ድንጋይ ነው እንዴ!» እያሉ መጡ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ለዮኖክ ከረሜላ ወረወሩላት፤ ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። እንደሚያለቅሱ አየሁ። እሳቸውም ለካ ማንቦክን ይወዱት ነበር።

ዮኖክ ስለ አሸዋው አውርታ አትጠግብም። ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ «አያቴ ቤት ውሃ የሌለው ባሕር አለ» ትላለች። ያን ሁሉ መንገድ ወደ ውሃው ስንሄድ እርስዎ እጇን አለቀቁትም፤ እኔ ደግሞ የእርስዎን እጅጌ ይዤ ነበር። መርገጥ አልችልም ብዬ የጻፍኩልዎትን አሸዋ እንዴት እንደረገጥኩት አላስታውስም። መለስ ብዬ ሳይ መንደሩ አንድ ጣት አክሎ ነበር። እሱም ያን ቀን እንዲህ ሆኖ ይሆን የታየው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ጭጋግ ስለነበር ምንም እንዳልታየው ትዝ አለኝ።

አሁን የምጽፈውን ከእኔና ከእርስዎ በቀር ሰው አያንብበው።

የመጀመሪያው ሳህን ባዶውን ወጣ። ሁለተኛውም። ጉሮሮዬ የተሰነጠቀው ያኔ ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ ነበር፣ ሰዎቹም እግራቸውን ማንሳት ጀምረው ነበር፣ አጎት ዶክጉም «ይበቃል» ብለዋል። ያኔ እርስዎ «የመጨረሻውን ሩዝ እናቱ ትሙላ» አሉ። ጀርባዎን ለሰው ሰጥተው፣ የራስ ፎጣዎን አስተካክለው፣ ሳህኑን ሞልተው ከደኑት። እኔም ጠራሁት። ጠርቼው በማላውቀው ድምፅ ጠራሁት።

ሳህኑ ሲከፈት አንድ ዘለላ ነበር። ነፍስ ጠሪዋ ወዲያው በወረቀት ጠቀለለችው፣ ማንም አላየውም። እሷና እኔ ግን አየነው። ነጭ ነበር።

ማንቦክ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ራሱን የማጥብለት እኔ ነበርኩ፣ አንድ ነጭ ጸጉር አልነበረውም። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ የምለውን ጠበቀች። አጎት ዶክጉ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ውሃውን እያንቦጫረቁ መጡ። «መጥቷል!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ቋጠሮው ተፈታ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን እርስዎን እያየሁ ነው።

የማን ነው ብዬ አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ነፍስ ጠሪዋ ሥርዓቱ አይደገምም፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠራም ብላለች። መቃብሩ ተዘግቷል፣ መንደሩም ማንቦክ ቤቱ ገባ ብሎ አርፏል። እሱ ግን እዚያው ካለ? እርስዎ ከእኔ የለመኑኝ ልጄን አውጥቼ ልቅበረው ብለው ነበር፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም ብለው ነበር። እናቴ፣ ምን አደረጉ?

ኡልሱን


ጊንሞሬ፣ በጨረቃ ሦስተኛው ወር፣ ባሕሩ በሚበረታበት ሳምንት

ለኡልሱን፣

እንዴት ከረምሽ? የዮኖክ እናት ብዬ ያልጀመርኩት ተቆጥቼ አይደለም። ስምሽን ጽፌው አላውቅም ነበርና አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። አማረብኝ? «ል» ትንሽ ወድቃለች።

ነጭ ነበር ትያለሽ። እንግዲህ የዓይን ጠብታውን ለእኔ ከመላክ ለራስሽ አድርጊው። ነጭስ ቢሆን? ሦስት ዓመት ጨው ውስጥ የከረመ ጸጉር ካልነጣ ምን ሊነጣ ነው? ሽሪምፕ እንኳ በወሩ ይነጣል። ያየሽውን አይተሻል፣ የጮህሽውን ጮኸሻል፣ ሽማግሌ ሰምቷል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሰርጉን አታዘግዪ። ዝናብ ሳይገባ ይሁን። እኔ አልመጣም፣ የፊተኛው ባል እናት የኋለኛው ሰርግ ላይ ተቀምጣ ምን ልትበላ? ሽሪምፕ ግን እልካለሁ። ልጅቱ በዓል ሲሆን ትምጣልኝ። በልመና ነው የምልሽ፣ በሕግ አይደለም። ያ ሰው እንዳይከፋው አስፈቅጂው። ቢከፋው ደግሞ ንገሪኝ፣ ሌላ እንፈልግልሻለን።

ምን አደረጉ ብለሽ የጠየቅሽኝን ለመመለስ ሦስት ቀን ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። እንዲህ ነው። ሁለተኛው ሳህን ባዶ ሲወጣ አንቺን አየሁሽ፤ ጨርቁን እንደያዝሽ ዓይንሽ ውሃው ላይ አልነበረም፣ ዮኖክ ላይ ነበር። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት በመስታወት ሳየው የኖርኩት ነው። ልጅ የጠፋባት ሴት በዚህ ቤት አንዲት ትበቃለች አልኩ።

ስለ ማንቦክ አንቺ አታስቢ። ጉሮሮሽ እስኪደማ ጠርተሽዋል፤ ሚስት ከዚህ በላይ የለባትም። የቀረው የእናት ነው። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ አይጠራም ያለችው ስለ ደመወዟ ነው፣ እኔ የሚከፍለኝ የለም። ባሕሩ ፊቱን ወደ መንደር በመለሰ ቁጥር ቅርጫቴን አንጠልጥዬ እወርድና እጠራዋለሁ፤ ለሥራ ሳይሆን እንዲሁ፣ ቀስ ብዬ። ሰው ሲያየኝ ዛጎል ልትለቅም ወረደች ይላል። ባዶ ቅርጫት ይዤ ስመለስ «ዛሬም አልቀናዎትም?» ይሉኛል። አልቀናኝም እላቸዋለሁ።

እናትሽ ማክርዬ